«አመስግኚ ሲሉኝ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ»

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ሙሉ አይመጣም። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 9 ዓመቷ፣ ሁለተኛው 6 ዓመቱ፣ ትንሿ ደግሞ ዘጠኝ ወሯ ነው። ሆምስኩል፣ ማለትም ቤት ውስጥ ማስተማር፣ የጀመርነው ልጆቹን በእምነታችንና በቋንቋችን ለማሳደግ ፈልገን፣ ጸልየንበትም ነው። አሁን ሁለተኛ ዓመታችን ነው፤ በጣም ደክሞኛል። የ6 ዓመቱ ልጅ ገና ማንበብ አልጀመረም። እናቴ ከአዲስ አበባ በደወልኩ ቁጥር ‹እዚያ አገር ትምህርት ቤት የለም ወይ?› ትለኛለች። የቸርች እህቶች ‹ፖዘቲቭ ሁኚ፣ አመስግኚ› ይሉኛል። አመሰግናለሁ፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ። ውሸታም የሆንኩ ይመስለኛል። ሳልዋሽ በጎ በጎውን ማየት የምችለው እንዴት ነው? ልጆቼስ ሳዝን ቢያዩኝ ይጎዳቸዋል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ውሸታም አይደለሽም። እያመሰገንሽ የምታለቅሺው ሁለቱም እውነት ስለሆነ ነው። ልጆችሽ ጤነኞች ናቸው፣ ቤት ውስጥ የሚበላ አለ፣ ይሄ ያስመሰግናል። ባልሽ ሦስት ሳምንት የለም፣ ሌሊቱን ከሕፃን ጋር አድረሽ ጠዋት ማባዛት ታስተምሪያለሽ፣ ይሄ ደግሞ ያስለቅሳል። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ለማሳየት ሌላውን መደበቅ አለብሽ ሲሉሽ ነው።

እኔ የቤተሰብ አማካሪ ነኝ፤ ከማገኛቸው ወላጆች ብዙዎቹ እንዳንቺ ከአገር ርቀው ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ቤት የሚያስተምሩት ላይ የሚደጋገም ነገር አለ። ሌላ እናት ብትደክም «ሥራ በዛብኝ» ትላለች፣ ሰውም አይዞሽ ይላታል። ሆምስኩል የምታደርግ እናት ግን «ደከመኝ» ካለች የሚጠብቃት መልስ «ታዲያ ማን አስገደደሽ? ትምህርት ቤቱ በነፃ አይደለም እንዴ?» ነው። ስለዚህ ዝም ትላለች። ክርስቲያን ከሆነች ደግሞ ዝምታዋ እምነት ተብሎ ይወደስላታል፣ እሷም ከዚያ በኋላ ዝምታውን መስበር ይከብዳታል።

ዝምታው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ጄምስ ግሮስ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ስሜት የሚረብሽ ፊልም አሳይተው ነበር። ለአንዱ ቡድን ስሜታችሁ በፊታችሁ ላይ እንዳይታይ ደብቁ ተባለ። ሌላው ቡድን የሚያየውን ነገር በሌላ ዓይን እንዲያስበው ተነገረው። የደበቁት ፊታቸው ተረጋግቷል፤ ውስጣቸው ግን እንደዚያው ነበር፣ ሰውነታቸው እንዲያውም የባሰ ተወጥሯል። ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩት ግን ስሜቱም ቀለል ብሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ነው፤ ከዚያ በኋላም በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተሠርቷል። ያንቺ የመኪና ውስጥ ለቅሶ ቸርች ውስጥ በፈገግታ የደበቅሽው ነው። የሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም።

እንግዲህ በጎ አመለካከት ስንል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ነው የምንጠራው። አንደኛው መሸፈን ነው። ሁለተኛው ያለውን እንዳለ አይቶ፣ ከዚያ ዓይንን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት መምረጥ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቅሳት ፊልጵስዩስ 4፥8 የሁለተኛው ወገን ናት። ዝርዝሩን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው፤ ገና መጀመሪያው ላይ «እውነተኛ የሆነውን ነገር ሁሉ» ይላል፤ ፍቅር ያለበት፣ መልካም ወሬ ያለበት የሚለው ኋላ ነው የሚመጣው። ጳውሎስ ያንን ሲጽፍ እስር ላይ ነበር፣ እስራቱንም በዚያው ደብዳቤ ምዕራፍ አንድ ላይ ደጋግሞ ያነሳዋል። የሚኖረው ኑሮ ይበቃኛል ማለትንም እንደተማረው ነው የነገረን፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አልወጣም። ዳዊቱንም ብታገላብጪ ከ150ው መዝሙር መካከል በብዛት የምታገኚው የለቅሶና የአቤቱታ መዝሙር ነው። እነዚያ ሰዎች በመኪና ውስጥ ሳይሆን በጉባኤ መካከል ነበር የሚያለቅሱት።

ስለ ስደት ካነሳን ግን እኔ ከሁሉም የምወደው ኤርምያስ 28 እና 29ን አንድ ላይ ማንበብ ነው። ከምዕራፍ 29 ቁጥር 11ን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ፍጻሜና ተስፋ የሚለውን፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያልሰቀለ ሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ግን ብዙም አይነበብም። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተግዟል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደሱ ተነስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል፣ የተማረኩትም ይመጣሉ አለ። ደስ የሚል ስብከት ነው። ኤርምያስም መጀመሪያ «አሜን፣ እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው፤ ሟርተኛ አልነበረም። ግን እውነቱ ሰባ ዓመት ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ ፖዘቲቭ የነበረው ሐሰተኛው ነቢይ ነው።

ከዚያ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ጻፈ፦ ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡበት፤ አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ፤ ልጆች ውለዱ፤ ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ። የቁጥር 11 ተስፋ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጊዜውን ርዝመት የማይደብቅ ተስፋ ነው፣ ርዝመቱን ነግሮሽ ዛሬ የሚተከለውን የሚያሳይሽ።

ይህ ያንቺን ቤት ይመለከታል። «ባሌ ትራኩን ሲተው»፣ «ትንሿ ሌሊት መተኛት ስትጀምር»፣ «ቤት ስንገዛ» እየተባለ ደስታ የሚቀጠርበት ቤት የሐናንያ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ያልነው አምስት ይሆናል፣ ሰውም በየዓመቱ አዲስ ተስፋ መቁረጥ ይደርስበታል። ትራኩ ምናልባት ገና ብዙ ዓመት ይቆያል። ይሁን። እሱ እያለ የሚተከለው ምንድን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ የማውቀው ቤተሰብ ነው፣ የነሱም አባት ትራክ ነጂ ነው። ኩሽናቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ የአሜሪካ ካርታ ለጥፈዋል። አባትየው ማታ ማታ ደውሎ የት እንደደረሰ ይናገራል፣ ልጅቷ በቀይ ስክሪብቶ መንገዱን ታሰምራለች። በአይ-81 አውራ ጎዳና ወደ ቴነሲ ወረደ፣ ከዚያ አይ-40ን ይዞ አርካንሳስን አቋረጠ፣ ኦክላሆማ ገባ። ዛሬ ስንት ማይል ነዳህ? በስንት ሰዓት? እንግዲህ በሰዓት በአማካይ ስንት ማይል? የማካፈል ትምህርቷ ይሄ ነው፤ የሒሳብ መጽሐፉ ላይ ካለው ባቡር ይልቅ ይህኛው ውስጥ አባቷ አለ። አባትየው ደግሞ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም የትልቁን ልጅ የጥቅስ ቃል ጥናት በስልክ ያደምጣል። አባታቸው መቅረቱን ማንም አልካደም፤ ካርታው ራሱ እኮ የሚያሳየው ምን ያህል እንደራቀ ነው። ግን ርቀቱ ላይ አንድ ነገር ተክለውበታል።

አሁን ወደ 6 ዓመቱ ልጅ ልምጣ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ማርቲን ሴሊግማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ክፉ ነገር ሲገጥመው ለራሱ የሚነግረውን ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ችግሩን የዘላለም ያደርገዋል፣ ወደ ሁሉም ነገር ያዛምተዋል፣ ጥፋቱንም ጠቅልሎ ራሱ ላይ ይጭነዋል። «ልጁ ማንበብ አልቻለም፤ እኔ ማስተማር አልችልም፤ ሕይወቱን አበላሸሁት» የምትይበት ቀን ካለ ሦስቱም እዚያ ውስጥ አሉ። እስቲ ዓረፍተ ነገሩን ሳትዋሺ አስተካክይው፦ «ልጄ በዚህ ወር ድምጾችን ማገጣጠም ከብዶታል። መቁጠርና መደመር ግን ይወዳል። እኔም ሌሊት ስለማልተኛ ትዕግሥቴ አልቋል።» አንድም የተቀባባ ቃል የለበትም። ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው ለእውነት ይቀርባል፣ ደግሞም የሚሠራ ነገር ያሳይሻል። ሥነ ልቦናውም መጽሐፉም እዚህ ላይ የሚገናኙ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚያስቆርጠን እውነቱ ሳይሆን እውነቱ ላይ የጨመርነው ነው።

ደግሞ ልጁ ገና 6 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት። በዚህ ዕድሜ አንዱ ቀድሞ ያነባል፣ ሌላው ዓመት ቆይቶ ድንገት ይከፈትለታል። የፊደላትን ድምፅ መለየት ከከበደው፣ ትናንት ያወቀውን ዛሬ የሚረሳ ከሆነ፣ ወይም ወራት አልፈው ምንም ለውጥ ካላየሽ ግን «በእምነት እንጠብቅ» አትበይ፣ አስመርምሪው። በፌዴራል ሕግ መሠረት የትምህርት ወረዳው የመማር ችግር የሚጠረጠርበትን ልጅ የመለየትና የመመርመር ግዴታ አለበት፣ ቤት የሚማሩትንም ጨምሮ፣ ያለ ክፍያ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂውንም ያዢ።

ሰዓቱስ? ከብዙ ሆምስኩል እናቶች የምሰማው ትምህርት ቤቱን እንዳለ ወደ ሳሎን ለማምጣት እንደሚሞክሩ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ደወል ብቻ ነው የቀረው። ትምህርት ቤት ይህን ያህል ሰዓት የሚፈጀው አንድ አስተማሪ ሃያ ምናምን ልጅ ስለሚይዝ፣ መሰለፍም፣ ምሳም፣ እረፍትም ስላለ ነው። አንድ ለአንድ ስታስተምሪ ለ6 ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለ9 ዓመቷ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ቀሪው ጨዋታ፣ ላይብረሪ፣ ማጀት ነው። ሽንኩርት መክተፍም ትምህርት ነው፤ እኛ አገር ማን ይሄን ትምህርት ይለዋል እንጂ።

ሕጉም ከምትፈሪው በላይ ቀላል ነው። ቨርጂኒያ በተለመደው መንገድ የምትጠይቅሽ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ማሳወቂያና የምታስተምሪያቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ለወረዳው የትምህርት ኃላፊ እንድትልኪ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጆቹ መሻሻላቸውን የሚያሳይ ማስረጃ እንድታስገቢ ነው። ማስረጃው ፈተና ከሆነ በቋንቋና በሒሳብ ድምር ውጤታቸው አራተኛው ስታናይን (ውጤትን ከ1 እስከ 9 የሚመድብ መለኪያ ነው) ላይ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ማለትም ከመቶ ተፈታኝ 23ቱን ያህል የበለጠ ልጅ ያልፋል። ፈተና ካልፈለግሽ ፈቃድ ያለው መምህር ወይም በአንድ የአካዳሚክ ትምህርት ዘርፍ ማስተርስና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ገምግሞ የሚጽፈው ደብዳቤ አለ። አንደኛ ውጣ ያለሽ የለም። አንደኛ ካልወጣ ሞተ የሚለው ጫና ከእኛው ነው የመጣው፣ ሚኒስትሪ ከወሰድንበት ጊዜ ጀምሮ ይዘነው የምንዞረው።

እግረ መንገዴን፣ ይህን የምታነቡ አውሮፓ ያላችሁ ወላጆች፣ የአሜሪካን ሕግ ይዛችሁ እንዳትነሱ። ጀርመን ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር አይፈቀድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2019 ከጀርመን መንግሥት ጎን ቆሟል። ስዊድንም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለየት ያለ ምክንያት ካልተገኘ በቀር አትፈቅድም። እናንተ ጋ የቤት ትምህርት ማለት ማታና ቅዳሜ የምታደርጉት ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም።

ስለ ድካሙ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቴን አምጣልኝ ሲል መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፣ መልሶ ተኛ፣ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ዘጠኝ ወር ሙሉ በአንድ ጊዜ አምስት ሰዓት ያህል እንኳ ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ካልሆነ ያለው ጥያቄ ስለ አመለካከትሽ አይደለም፣ ስለ እንቅልፍሽ ነው። የዮቶርንም አትርሺ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ አይቶ «የምታደርገው ነገር መልካም አይደለም» ነው ያለው፤ አመስግን አላለውም፣ ሥራውን አካፍል ነው ያለው።

ስለዚህ «ፖዘቲቭ ሁኚ» ላለችሽ እህት ሥራ ስጫት። ቀልድ አይደለም። «እሺ፣ እሁድ ከአገልግሎት በኋላ ሕፃኗን ሁለት ሰዓት ያዢልኝና ልተኛ» በያት። ከወደደችሽ ትመጣለች። ካልመጣችም ምክሯን በምን ያህል ሚዛን እንደምትወስጂው ታውቂያለሽ። በአካባቢሽ ቤት የሚያስተምሩ ሌሎች ሐበሾች ካሉ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስቡ፤ አንዷ ሳይንስ፣ አንዷ አማርኛ ታስተምር። ያላችሁበት አካባቢ ለዚህ የታደለ ነው፤ ዋሽንግተን የሚገኙት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችና የእንስሳት ማቆያው መግቢያቸው በነፃ ነው፣ ቻንቲሊ ያለው የአውሮፕላኖች ሙዚየም እንኳ የሚያስከፍለው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። በሳምንቱ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ልጆቹ እንደ ልባቸው ያያሉ።

እናትሽን በተመለከተ አትቆጪ። ለእሷ ትምህርት ማለት ዩኒፎርም፣ ሰልፍ፣ የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ነው፤ አንቺን ያስተማረችሽም ምናልባት ከጉሮሮዋ ቀንሳ ነው። የልጅ ልጆቿ ከትምህርት ቀሩ ብላ ብትደነግጥ ምን ይገርማል? ማስረዳት ብዙ አይሠራም። ሥራ መስጠት ነው የሚሠራው። እናንተ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከሰዓት 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት። በሳምንት ሁለት ቀን በቪዲዮ ደውይላትና ፊደል እሷ ታስቆጥራቸው። ሀ ሁ ሂ ብላ በዜማ ስትጀምር ልጁ ስልኩን ወደ ጣራው ያዞረዋል፣ ፊቱን ያጣችው አያት «ወዴት ሄድክ አንተ!» ብላ ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ከ231ዱ ፊደላት ሰባቱን ያህል በአንድ ጥሪ ቢይዝ ትልቅ ነገር ነው። አንቺም በዚያ ሃያ ደቂቃ ሻይሽን ሳይቀዘቅዝ ትጠጫለሽ። ቆይተሽ ሲጠይቋት «እኔ ነኝ የማስተምራቸው» ማለቷ አይቀርም።

በነገራችን ላይ ልጅን በስደት ቤት ውስጥ ቃሉን እያስተማሩ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። ጢሞቴዎስ ያደገው ከኢየሩሳሌም ርቆ በልስጥራን አካባቢ ነው፣ አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ አይሁዳዊት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጻሕፍቱን እንዳወቀ ጳውሎስ ይመሰክርለታል፤ እምነቱንም የሚያያይዘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ጋር ነው። አያት አለችበት፣ ልብ አድርጊ።

ትንሽ የሚጎረብጥ ነገርም ልናገር ነው። አንዳንድ ሆምስኩል የሚያደርጉ ክርስቲያኖች ደስታቸውን የሚያገኙት ትምህርት ቤቱን በመርገም ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የጠፉ፣ መምህራኑ ሁሉ ጠላት፣ የኛ ቤት ብቻ የኖኅ መርከብ። ይህ ሲታይ ቆራጥነት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ፍርሃት ነው፣ ልጆችም ፍርሃትን በፍጥነት ይማራሉ። ኤርምያስ ስለ ባቢሎን ሰላም ጸልዩ እኮ ነው ያለው። የጀመርሽበትን ምክንያት፣ እምነቱንና ቋንቋውን፣ ያዢው፤ ደህና ምክንያት ነው። ጎረቤትሽ ልጇን በቢጫው አውቶቡስ መላኳ ግን ኃጢአት አይደለም። አንቺም በሚቀጥለው ዓመት ትልቋን ወይም ሁለቱንም ብትልኪ እግዚአብሔርን አልካድሽም። በር ያለው ክፍል ውስጥ መቀመጥና ተቆልፎብሽ መቀመጥ አንድ አይደለም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንደ አዲስ ወስኑ፤ ሲደክማችሁ ማታ አይደለም፣ ደህና በተኛችሁበት ቀን።

ስለ ምስጋናው፦ አትተዪው፣ አደራረጉን ለውጪው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል መካላው የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን ጥቂት ነገሮች የጻፉ ሰዎች የሚያማርሩባቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸውም ስለ መጪው ሳምንትም የተሻለ ስሜት ነበራቸው። በሳምንት አንዴ ነው፣ በየሰዓቱ ራስን ማስገደድ አይደለም። ስትጽፊ ደግሞ በደፈናው «ስለ ልጆቼ» አትበይ። «ማክሰኞ ዕለት ትልቋ ሳልጠይቃት የእህቷን ጡጦ አጠበች» በይ። በደፈናው የሚባል ምስጋና የቸርች ምስጋና ይሆናል፣ ዝርዝሩ ግን ያየሽው ነው። ከሥሩ ያስለቀሰሽንም አንድ ነገር ጻፊ፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ ሁለቱንም ለእግዚአብሔር አንብቢለት።

አሁን ከሁሉም የሚያስቸኩለኝን ልበል። ከወለድሽ ዘጠኝ ወር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ የሚታይ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ሊኖር ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከከፋሽ፣ የምትወጂው ነገር ጣዕም ካጣብሽ፣ ሕፃኗ ተኝታ አንቺ መተኛት ካቃተሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፣ የሚታከም በሽታ ነው። ለማህፀንና ጽንስ ሐኪምሽ ወይም ለልጅሽ ሐኪም ንገሪ፤ ጥቂት ጥያቄ ያለው ቅጽ አስሞልተው ይለያሉ። ቋንቋ ከቸገረሽ አስተርጓሚ ይጠየቃል። የመጨረሻው ዓይነት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በማንኛውም ሰዓት ወደ 988፣ የአሜሪካ የአስቸኳይ ጊዜ የአእምሮ ጤና እርዳታ መስመር፣ ደውይ። መድኃኒት ካዘዙልሽም ውሰጂ፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ አሉ፣ ሐኪምሽ ይነግርሻል። ለስኳር በሽታ ኪኒን እየዋጠ ለድብርት ግን «ጸልዪበት» የሚለውን ሰው አትስሚው። ጸልዪም፣ ታከሚም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ልጆቼ ሳዝን ቢያዩኝ የሚለው። ሲያዩሽ አይጎዱም። የሚጎዳቸው ያለ ማብራሪያ ማየታቸው ነው፣ ምክንያቱም ልጅ ምክንያት ካልተነገረው ራሱን ምክንያት ያደርጋል። ከመኪናው በቀላ ዓይን ወጥተሽ «ምንም አልሆንኩም» ስትይ የ9 ዓመቷ አታምንሽም፣ የ6 ዓመቱ ደግሞ ማንበብ ስላቃተው ይመስለዋል። አጭር አድርገሽ ንገሪያቸው፦ «እማማ ዛሬ ከፍቷታል፣ አባባ ናፍቋታል፣ እንቅልፍም አልተኛችም። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም። አሁን ትንሽ አርፋለሁ፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን።» ከዚያ ምሳውን በእርግጥ አቅርቢ። መጽናናትን ከእነሱ አትጠብቂ፤ ትልቋ መካሪሽ እንድትሆን አታድርጊያት፣ ለዚያ ባልሽም፣ ጓደኛም፣ አማካሪም አለ። ማታ ስትጸልዩ ግን የከፋሽን ነገር ጨምረሽ ጸልዪ፣ እየሰሙ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ለሐኪሙ ደውይ፣ ቀጠሮ ያዢ። ቀጥሎ ለዚያች እህት። ለባልሽም የጻፍሽልኝን ደብዳቤ እንዳለ አንብቢለት፣ ምንም ሳታለዝቢ፤ ማረፊያ ቦታ ቆሞ እንጂ እየነዳ አይደለም። የዚያን ቀን ትምህርት ቢዘለል ምንም አይሆንም፣ ማክሰኞ ትጀምራላችሁ።